የኮክ ግንድ ሙጫ እያወጣ ነው፤ ምን ልርጨው?

ሊልበርን_ጓሮ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 3

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ግን ችግር አናገረኝ።

ጓሮዬ ውስጥ ሦስት የኮክ ዛፎች አሉ። አምና ፌብሩዋሪ ላይ የተተከሉ ናቸው። ሁለቱ ሞቅ ብለው አድገዋል። ሦስተኛው ግን ከጁላይ ጀምሮ አኩርፏል። ቅጠሉ ገርጥቷል፣ አዲስ ቅርንጫፍም አላወጣ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሙጫ ተከምሯል። ቡናማ ነው። ላዩ ደርቆ ዕጣን ይመስላል፤ ስጫነው ግን ውስጡ ዝልግልግ ይላል።

ችግኝ መሸጫ ሄጄ ፎቶውን ሳሳየው ልጁ በቅጡ እንኳ ሳያየው «ፈንገስ ነው» አለና መዳብ ያለበት መድኃኒት አሸከመኝ። ገና አልከፈትኩትም። ልርጨው? ወይስ ዛፉ አልቆለታል፣ ነቅዬ ልጣለው? ሌሎቹን እንዳይበክልብኝ ፈርቻለሁ።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 3

እህቴ፣ ጠርሙሱን አትክፈቺው።

ሙጫ በሽታ አይደለም። ኮክ ምንም ነገር ይጉዳው ምን መልሱ ሙጫ ነው። ትል ቢበላው፣ ፈንገስ ቢገባበት፣ ባክቴሪያ ቢይዘው፣ የሣር ማጨጃ ቢልጠው፣ ውሃ ቢጠማው፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቢተኛ፣ ሁሌም ያው ሙጫ። ፕሪምና ቼሪም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ሙጫ ታየ ተብሎ ወደ መድኃኒት አይሮጥም። መጀመሪያ ሙጫው ግንዱ ላይ የት እንዳለ፣ ቀጥሎ ውስጡ ምን እንደተደባለቀበት ይታያል።

አንቺ ያልሽው ቦታ፣ ማለትም አፈሩ ጫፍ ላይ፣ እዚህ ጆርጂያ ውስጥ አንድ ዋና ተጠርጣሪ አለው። ግን ስሙን ከመጥራቴ በፊት ይሄን አድርጊልኝ። በእጅሽ ወይም በትንሽ ማንኪያ ግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር አንድ አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጊ። አካፋ አታግቢበት፤ ሥሩ ላይ ሌላ ቁስል ትጨምሪያለሽ። ሙጫውን ሙልጭ አድርገሽ አንሺና ጣትሽ ላይ ፈትጊው። ጥርት ያለ ነው? ወይስ ሰጋቱራ የመሰለ ቀይ ቡናማ ነገር አለበት?

ፎቶ ስታነሺ ከቅርብ ይሁን። የዛፉ ሙሉ ቁመና ለጊዜው አይጠቅመኝም።

---

አቋራጭ_መንገድ | አትላንታ | ሴፕቴምበር 3

ይሄ ሁሉ ምርመራ ለምን? የልብስ ናፍታሊን ግንዱ ዙሪያ ቀብረሽ አፈር መልሺበት። ሽታው ትሉንም ጉንዳኑንም ጠራርጎ ያወጣዋል። የኔ የድሮ ጎረቤት፣ አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ ቁስሉን በሬንጅ መምረግ ነው። አለቀ ደቀቀ።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 3

ወንድሜ፣ ሽማግሌው ከመሬት ተነስተው አላደረጉትም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ አገር ለኮክ ግንድ ትል የሚመከረው ፓራዳይክሎሮቤንዚን የሚባል ክሪስታል ነበር፤ ዛሬም ከብል መከላከያ ኳሶች አንዳንዱ የሚሠራው ከእሱ ነው። ግን መጠኑ ትንሽ ከፍ ካለ ራሱን ዛፉን ያቃጥላል፤ ለወጣት ዛፍ ደግሞ ይብሳል። አሁን እነዚያን ኳሶች ከቤት ውጭ አፈር ውስጥ መቅበር በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ውጭ መጠቀም ስለሆነ ሕግም ይከለክለዋል። ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ ከሆነማ ጨርሶ አይታሰብ።

ሬንጁንም ተወው። ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው ከዳር ወደ መሃል ራሱ እያደገ ነው። ሬንጅ ሲቀባበት እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ለፈንገስ ቤት ሠራህለት ማለት ነው።

---

እማማ_ችግኝ | ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ | ሴፕቴምበር 4

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። በመዳቡ መድኃኒት ላይ አንድ ቃል ልጨምር። ልጄ፣ መልሰሽ አትስጪው፣ አስቀምጪው። ለግንዱ ሙጫ አይረባም፣ እውነት ነው። ግን የኮክ ቅጠል በጸደይ እየተሸበሸበ፣ እየቀላ፣ እያበጠ የሚረግፍበት በሽታ አለ። ለእሱ መዳብ ሁነኛ ነው። የሚረጨው ግን ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ካለቀ በኋላ ወይም በክረምቱ መጨረሻ እንቡጡ ሳያብጥ ነው። ቅጠሉ ከተሸበሸበ በኋላ ቢረጩት ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ደግሞ የኔን ጉድ ስሙ። የኔም ኮክ ሙጫ አውጥቷል። ግን ከስር አይደለም፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ሙጫው እንደ መስታወት የጠራ ነው። ዛፉ ደህና ነው፣ ዘንድሮ ጥቂት ፍሬም ሰጥቶኛል። ይሄም ትል ነው ትላላችሁ?

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 4

እማማ፣ ስለ መዳቡ ያሉት ልክ ነው፤ እኔም ያንን ማለት ነበረብኝ።

ሣሩን ማን ነው የሚያጭድልዎት?

---

እማማ_ችግኝ | ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ | ሴፕቴምበር 4

ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ያጭዳሉ። ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት፣ ክር የሚሽከረከርበት ማሽን አላቸው። ኧረ! አሁን ገባኝ።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 4

እሱ ነው እማማ። ያ ክር የወጣት ኮክን ቅርፊት በአንድ ንክኪ ይልጠዋል። በአንድ ጎን፣ በአንድ ከፍታ፣ የጠራ ሙጫ፣ ሰጋቱራ የለበትም፤ ይሄ የማሽን ቁስል ነው። መድኃኒት አያስፈልገውም። ተንጠልጥሎ የቀረ የደረቀ ቅርፊት ካለ በስለታም ቢላ ዳሩን አስተካክለው ይቁረጡትና ይተዉት።

ዋናው ነገር ማሽኑ ዳግመኛ እንዳይጠጋ ነው። ግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ሣሩን አጥፍተው ማልች (አፈር ላይ የሚነጠፍ የእንጨት ፍቅፋቂ) ያልብሱት። ማልቹ ግን ግንዱን አይንካው፤ በግንዱና በማልቹ መካከል የአንድ እጅ መዳፍ ክፍተት ይኑር። እዚህ አገር ሰፈሩን ዞር ዞር ቢሉ በየዛፉ ስር ማልች ተራራ አስመስለው ይከምሩታል። ግንዱን እርጥብ አድርጎ ከማቆየቱም በላይ ትሉን ከዓይን ይሸሽገዋል። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ።

ማሽን የላጠው ቦታ ግን ሌላ እንግዳም ይጠራል። የኮክ ግንድ ትል ታናሽ ዘመድ አለችው። እሷ አፈሩ ጋ ሳይሆን ከፍ ብላ፣ ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ያለ አሮጌ ቁስል ፈልጋ ነው የምትገባው። ስለዚህ በየጊዜው ይመልከቱት። ሙጫው ውስጥ ሰጋቱራ ከታየ ንገሩኝ።

---

ሊልበርን_ጓሮ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 5

ቆፈርኩት። ሙጫው ውስጥ ቀይ ቡናማ ሰጋቱራ አለ፣ ብዙ ነው። ሙጫውን ካነሳሁ በኋላ ቅርፊቱ በአንድ በኩል ሲጫኑት ስፖንጅ ነው። ሰንጠቅ ሳደርገው ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ጭንቅላቱ ቡናማ የሆነ ትል ተጋድሞበታል። ርዝመቱ የትንሿን ጣቴን ግማሽ ያህላል። ጮህኩኝ፣ አልዋሽም።

አፈሩ ላይ ደግሞ ባዶ ቡናማ ሽፋን አገኘሁ፤ ቀጭን ነው፣ ግማሹ ሙጫው ውስጥ ተሰክቶ ግማሹ ወጥቷል። ሁለቱንም ፎቶ አነሳኋቸው።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 5

ፎቶሽ ቁልጭ ያለ ነው። ምንም ጥርጥር የለውም፣ የኮክ ግንድ ትል ነው። ለሌላውም ስለሚጠቅም ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

እናቲቱ የእሳት እራት ነች። ግን የእሳት እራት አትመስልም፤ ተርብ ነው የምትመስለው። የኋላ ክንፏ የጠራ፣ ሰውነቷ ሰማያዊ የተቀላቀለበት ጥቁር፣ ሆዷ ላይ ብርቱካንማ ቀበቶ አላት። ቀን ነው የምትበረው። ብዙ ሰው አይቷት «ተርብ ናት» ብሎ ያልፋታል። የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ስትሆን በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው ያላት። እዚህ በደቡብ እንቁላሏን የምትጥለው በበጋ ነው፤ አብዛኛው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ፣ ማለትም አሁን። እንቁላሉ የሚጣለው ግንዱ ላይና ግንዱ አጠገብ ነው። በአንድ ሳምንት ከምናምን ይፈለፈላል። ትሉ ወደ ታች ወርዶ አፈሩ ጋ ቅርፊቱን በስቶ ይገባል። ክረምቱን እዚያው ያሳልፋል፣ በጸደይ መብላቱን ይቀጥላል፣ በበጋ ሽፋን ሠርቶ ሙሽሬ ይሆናል፣ ከዚያ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ያገኘሽው ባዶ ሽፋን አንዷ ወጥታ የተወችው ነው። ትልቁ ትል ደግሞ አምና በመጀመሪያው በጋ የተጣለ፣ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ነበሩ።

ለምን ይገድላል? እንጨቱን አይደለም የሚበላው። ከቅርፊቱ ስር ያለችውን እርጥብ ቀጭን ሽፋን ነው። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በእሷ በኩል ነው። ትልቅ ዛፍ ብዙ ትል ይችላል። የአንቺው ግንድ ግን ገና የአውራ ጣት ውፍረት ስለሆነ አንድ ትል እንኳ ዞሮ ከጨረሰው ዛፉ ይሞታል።

አሁን የምትሠሪው ይሄ ነው። ለስለስ ያለ ሽቦ ያዢ፤ የልብስ መስቀያ ሽቦ ይሆናል። ቀዳዳውን ተከትለሽ ቀስ እያልሽ አስገቢ። ትሉን ስትነኪው ለስላሳ ነገር ጋ እንደደረስሽ እጅሽ ያውቀዋል። ቢላ ካስፈለገሽ ቁረጪ፣ ግን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ በግንዱ ርዝመት። አግድም አትቁረጪ። አግድም የተቆረጠ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ትሉ የጀመረውን አንቺ እየጨረስሽለት ነው። የሞተውን፣ የላላውን ቅርፊት አንሺ፤ ሕያው የሆነውን አትንኪ።

ከዚያ ለኪ። በጥፍርሽ ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ ጫር ጫር አድርጊ። አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ከዙሪያው ከግማሽ በላይ ሕያው ከሆነ አትንቀይው፣ ይድናል ብዬ እገምታለሁ። ከግማሽ በታች ከሆነ አዲስ ችግኝ ማዘዝ ይሻላል። የቀረው ዛፍ ሁለት ሦስት ዓመት እየተጎተተ ቦታና ውሃ ይበላል፣ ፍሬው ግን ያን ያህል አይሆንም። ሰው እዚህ ላይ ጨካኝ ይለኛል፤ ይበለኝ።

ሌሎቹን ሁለቱንም ዛሬውኑ ቆፍረሽ እዪ። ሳይቃጠል በቅጠል።

---

ኦገስታ_አሸዋ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 5

ይሄን ሳነብ የራሴን ነገር አስታወሰኝ። የኔ ኮክ አራት ዓመቱ ነበር። ማርች ላይ አበባ ሊያወጣ ሲል ግማሹ ቀጥ አለ። ቅርፊቱን ስልጠው ከስሩ ቡናማ ሆኖ ኮምጣጣ ይሸታል፣ የፈላ ጠላ ዓይነት ነገር። ሙጫም ነበረው። ትል ፈልጌ አጣሁ። አፈሩ ስር ያለው ግን ደህና ነው፣ እንዲያውም አሁን ከስር አዲስ ቡቃያ እያወጣ ነው። ቡቃያውን ላሳድገው?

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 5

አፈርህ አሸዋማ ነው? መቼ ገረዝከው?

---

ኦገስታ_አሸዋ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 5

አሸዋ ብቻ ነው። የገረዝኩት በኖቬምበር መጨረሻ፣ ታንክስጊቪንግ በዓል ሰሞን፣ ዕረፍት ስለነበረኝ።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 6

ያልከው ምልክት ሁሉ ባክቴሪያ ካንከር ወደሚባለው የቅርፊት በሽታ ያመለክታል። በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና «የኮክ ዛፍ አጭር ዕድሜ» የሚሉት ነገር አለ። ዛፉ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ፣ በክረምቱ መጨረሻ፣ በድንገት ይሞታል። አንድ ምክንያት የለውም፤ ሦስት ነገር ሲደራረብ ነው። አሸዋማ አፈር ውስጥ ኔማቶድ የሚባል በዓይን የማይታይ ትል ሥሩን ይበላል። የተዳከመው ዛፍ ብርዱን አይችልም። ከዚያ ባክቴሪያው ይጨርሰዋል። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅትና በክረምቱ መግቢያ መግረዝ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ዛፉ ብርድ የመቻል አቅሙን ያጣል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ኮክ የሚገረዘው ዘግየት ተብሎ ፌብሩዋሪ ላይ፣ አበባው እስኪቃረብ ድረስ ነው። ለዕረፍት ቀን አይመችም፣ ምን ይደረግ።

ቡቃያው ከተዳቀለበት እብጠት በታች ከሆነ የወጣው አትልፋበት። ያ የተከልከው ዝርያ አይደለም፤ ሥሩ እንዲሆን ከስር የገባው ነው። ፍሬው ጥሩ አይሆንም። ንቀለው፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥም ኮክ አትተካ። ሌላ ቦታ ስትተክል «ጋርዲያን» በሚባለው ሥር ላይ የተዳቀለ ችግኝ ጠይቅ። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ለዚሁ ችግር ብለው ያወጡት ነው። ሻጩ ስለ ሥሩ ዓይነት ሲጠየቅ ካፈጠጠብህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።

---

ደንቨር_ተራራ | ኮሎራዶ | ሴፕቴምበር 6

እዚህ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ደንቨር ጃንዋሪ ላይ ቀን ፀሐይዋ ከረር ትላለች፤ በረዶው ላይ ነጥራ ግንዱን ታሞቀዋለች፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ቅርፊት የነቃ ይመስለዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ በአንዴ ይወርዳል። ያ የሞቀው ጎን ይሞታል። ወዲያው አይታይም። ጸደይ ላይ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ይገባል፣ ሙጫ ያወጣል። ከዚያ ሳይቶስፖራ የሚባል ፈንገስ በስንጥቁ ይገባል። እሱን የምታውቁት ሙጫው ጠቆር ብሎ፣ የሞተው ቅርፊት ላይ ብጉር የመሰሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ሲታዩ ነው። ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። የተያዘውን ቅርንጫፍ በደረቅ ቀን ቆርጦ ማስወገድ ብቻ ነው። ምዕራብ ኮሎራዶ፣ ፓሊሴድ ያሉት ትልልቅ የኮክ እርሻዎች እንኳ ከእሱ ጋር ትግል ላይ ናቸው።

እኔ የማደርገው ኖቬምበር ላይ ግንዱን ነጭ መቀባት ነው። የቤት ውስጥ ላቴክስ ቀለም፣ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር። በዘይት የሚሠራ ቀለም ግን ግንዱን ይጎዳዋል። ክረምቱ በረዶ አልባና ደረቅ ከሆነ ደግሞ በወር አንዴም ሁለቴም ሞቅ ባለ ቀን ውሃ አጠጣለሁ። የግንድ መጠቅለያም ጥሩ ነው፤ ብርዱንም ጥንቸሉንም ይከለክላል። ሊልበርን፣ ለምን አትጠቀልዪውም?

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 6

በቀለሙ እስማማለሁ፣ በመጠቅለያው አልስማማም። ቢያንስ ለጆርጂያ። ያ ጠመዝማዛ ነጭ ፕላስቲክ ችግኙ ላይ ተሰክቶ ዓመቱን ሙሉ ይከርማል። ውስጡ ሞቃትና እርጥብ ነው። ትሉ ተደላድሎ ይበላል፣ ባለቤቱ ሙጫውን የሚያየው ዛፉ ሲያልቅ ነው።

---

ደንቨር_ተራራ | ኮሎራዶ | ሴፕቴምበር 6

እኔ ታንክስጊቪንግ ላይ አስሬ ኤፕሪል ላይ ነው የምፈታው። እንደዚያ ከሆነ ምን ጉዳት አለው? ጥንቸል አንድ ሌሊት ዙሪያውን ከላጠችው እኮ ትሉን የሚጠብቅ ዛፍም አይኖርም።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 6

በሰዓቱ የሚፈታ ሰው ከሆንክ ምንም ጉዳት የለውም። የማውቀው አብዛኛው ሰው ግን አይፈታም። ለጥንቸል ከግንዱ ራቅ ብሎ የሚቆም የሽቦ ወንፊት ይሻላል፣ ግንዱ ይታያል፣ አየርም ያገኛል። የችግኙን ስም የያዘውን ፕላስቲክ ማሰሪያ ግን ሁላችሁም ዛሬ ቁረጡ። ግንዱ ሲወፍር አንቆ የሚገድለው እሱ ነው። ሰው ስሙን ላለመርሳት ሲል ዛፉን ያጣል።

---

ሱሉልታ_ጓሮ | ኢትዮጵያ | ሴፕቴምበር 7

ጤና ይስጥልኝ ከአገር ቤት። ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው። እኔ ሱሉልታ አጥር ግቢዬ ውስጥ በአገሬው ኮክ ላይ የተዳቀሉ ችግኞች ተክዬ ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ሁለቱ ጠውልገው ቅጠላቸው ተንጠለጠለ። ዝናቡ በየቀኑ ነው፣ ውሃ ጠማቸው እንዳልል። ከግንዱ ስር ትንሽ ሙጫ አለ። እንደተባለው ቆፈርኩ። ትል የለም፣ ቀዳዳም ሰጋቱራም የለም። ቅርፊቱን በቢላ ትንሽ ገሸለጥ ሳደርገው ከአፈሩ በታች ያለው ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ ከላይ ያለው ግን ነጣ ያለ አረንጓዴ። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በግልጽ ይታያል። አፈሬ ጥቁር መረሬ ነው።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 7

ወንድሜ፣ ምርመራውን ራስህ ጨረስከው። የኔዋ የእሳት እራት የሰሜን አሜሪካ ስለሆነች እዚያ አትፈልጋት። መረሬ አፈር፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ፣ ከአፈር በታች የሚጀምር ቡናማ ቅርፊት፣ ጥርት ያለ ድንበር፤ ይሄ ፋይቶፍቶራ የሚባለው የግንድ ግርጌ መበስበስ ይመስላል። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ እየዋኘ ነው የሚዛመተው። ዛፉ ውሃ መሃል ቆሞ የሚጠወልገውም ሥሩ ስለሞተ ነው። ብዙ ሰው ጠወለገ ብሎ ውሃ ይጨምርበታል።

ዙሪያውን ካልጨረሰ አፈሩን ከግንዱ አርቀው። የላይኞቹ ወፍራም ሥሮች መነሻ እስኪታይ ድረስ ገልጠህ አየርና ፀሐይ ይንካው። ጎርፉን በቦይ አውጣው። ዙሪያውን ጨርሶት ከሆነ ግን ምንም አትልፋ።

---

ሱሉልታ_ጓሮ | ኢትዮጵያ | ሴፕቴምበር 7

አንዱ ዙሪያውን አልቋል። ሌላው አንድ ጎኑ ደህና ነው፣ ገልጬዋለሁ። ለወደፊቱ አፈር እንደ መደብ ከፍ አድርጌ ልተክል አስቤያለሁ፤ ጉልበት ድረስ ይበቃል?

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 7

ከጉልበት በታችም ይበቃል፣ ሰፋ ካለ። ዝናቡ አፈሩን ዝቅ ስለሚያደርገው ትንሽ ከፍ አድርገህ ጀምር። የተዳቀለበት እብጠት ሁልጊዜ ከአፈር በላይ ይታይ። ክረምት ሲመጣ ሣር አልብሰህ ግንዱን አትሸፍንበት።

---

አወያይ | ሴፕቴምበር 7

ስለ ፖምና ስለ አቮካዶ የጠየቃችሁ አዲስ ውይይት ክፈቱ እባካችሁ። ይሄ በኮክ ግንድ ላይ ይቆይ። የአካባቢያችሁን መድኃኒት ሕግ ስትጠቅሱም አገሩን ጻፉ።

---

ሊልበርን_ጓሮ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 8

ሪፖርት ይዤ መጣሁ። በሽቦው ሌላ አንድ ትል አወጣሁ፣ ትንሽ ነው። ዙሪያውን ጫር ጫር ሳደርገው ሁለት ሦስተኛው አረንጓዴ ነው! ስለዚህ ይኖራል ብዬ ወስኛለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ ንጹሕ ናቸው፤ አንዱ ግን በጣም ጠልቆ ነው የተተከለው፣ እብጠቱ ጭራሽ አይታይም ነበር። አፈሩን ገልጬ አውጥቼዋለሁ።

አሁን እናቲቱ እየበረረች ከሆነ እነዚህን ሁለቱን እንዴት ልጠብቃቸው? መርዝ ብዙም ደስ አይለኝም። ልጆች አሉኝ።

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 8

ሁለት መንገድ አለሽ፣ አንዱን ምረጪ።

አንደኛው የግንድ ርጭት ነው። ፐርሜትሪን ያለበት የቤት ጓሮ መድኃኒት፣ ማሸጊያው ላይ «ኮክ» የሚል ቃል ካለበት። ቅጠሉን አይደለም የምትረጪው፤ ከታችኛው ቅርንጫፍ እስከ አፈሩ ያለውን ግንድ ብቻ፣ እስኪንጠባጠብ። ጊዜው ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ስለሆነ አሁን ነው። ዓላማው የተፈለፈለው ትል ገና ሳይገባ ማግኘት ነው። ውስጥ የገባውን አይነካውም። ፍሬ ከተለቀመ በኋላ መሆኑ ደግሞ ጥሩ ነው። ድሮ ለዚህ ሁሉም ክሎርፓይሪፎስ ይጠቀም ነበር፤ ለቤት ጓሮ ከቀረ ግን ሃያ ዓመት አልፎታል። ጋራዥ ውስጥ አሮጌ ጠርሙስ ያለው ካለ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) አደገኛ ቆሻሻ በሚሰበስብበት ቀን ይውሰደው።

ሁለተኛው ለአንቺ የሚስማማሽ ይመስለኛል። ትል የሚበላ ኔማቶድ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ ይባላል። ከኦገስታ ሥር በል ኔማቶድ ጋር አታምታቺው፤ ይሄ ነፍሳትን ብቻ ነው የሚያድነው። እዚሁ ጆርጂያ ባይረን ላይ ያለው የግብርና ምርምር ጣቢያ በኮክ ግንድ ትል ላይ ሞክሮት ጥሩ ውጤት አግኝቶበታል። ሕያው ነገር ስለሆነ እንክብካቤ ይፈልጋል። እንደደረሰሽ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። ፀሐይ ይገድለዋል፣ ስለዚህ ምሽት ላይ። መጀመሪያ አፈሩን አርጥቢ፣ ከዚያ በውሃ በጥብጠሽ ግንዱ ዙሪያ አፍሺው፣ ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት አፈሩ እንዳይደርቅ ጠብቂ። ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ አፍስሶ ውሃ ይረሳል፣ ከዚያ «አይሠራም» ይላል።

በየትኛውም መንገድ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ እንደገና ቆፍረሽ እዪ፤ በጸደይም እንደዚሁ። ሽቦውን አትጣዪው።

---

አቋራጭ_መንገድ | አትላንታ | ሴፕቴምበር 8

እሺ ናፍታሊኑን ትቻለሁ። ግን የኔ ኮክ ግንድ ላይ ከአፈሩ እስከ ቅርንጫፉ ድረስ ሽፍታ የመሰለ ብዙ ትናንሽ እብጠት አለ፤ ከእያንዳንዱ ጠብታ ሙጫ ይወጣል። ቆፈርኩ፣ አፈሩ ጋ ምንም የለም። ይሄስ?

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 9

ይሄኛው ነው ፈንገስ። የሊልበርን ሻጭ ለአንተ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር፣ መድኃኒቱ ባይረባም። ይሄ የሙጫ በሽታ በጆርጂያ ኮኮች ላይ የተለየው በ1970ዎቹ ነው። የሚገባው ቅርፊቱ በሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ስለሆነ ነው ሽፍታ የሚመስለው። የሚያጠቃው የተጠማ ዛፍ ነው። በበጋ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ አጠጣው፤ ቀስ ብሎ፣ በጥልቀት። የሞተ ቅርንጫፍ ካለ በደረቅ ቀን ቆርጠህ ከግቢ አውጣው፤ ፈንገሱ የሚራባው እሱ ላይ ነው። ከዛፉ ስር አትከምረው።

እብጠቶቹ አጠገብ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች፣ ወይም የጥርስ መጎርጎሪያ መስሎ ወደ ውጭ የቆመ የሰጋቱራ ዘንግ ካየህ ግን ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው፤ እነሱ የተዳከመ ወጣት ዛፍ ይወዳሉ። እርግጠኛ ካልሆንክ ቁራጭ ቅርፊት ይዘህ ካውንቲህ ያለው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን (የግብርና ምክር) ቢሮ ሂድ። በአብዛኛው ካውንቲ አለ፤ ሥራቸው ነው።

---

ሊልበርን_ጓሮ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 13

ኔማቶዱ ትናንት ደረሰ። ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ እርጎ መስሎት ሊከፍተው ሲል ነው የደረስኩበት። ነጩን ቀለምም ገዝቻለሁ። ነገ ማታ ዝናብ ይጥላል ብለዋል። የቱን ላስቀድም?

---

ፎርት_ቫሊ | ጆርጂያ | ሴፕቴምበር 13

ኔማቶዱን። ነገ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት አመሻሽ ላይ አፍሺው፤ ዝናቡ ውሃ የማጠጣቱን ሥራ ያግዝሻል። ቀለሙ አያስቸኩልም፣ ኖቬምበር ላይ ግንዱ ደረቅ በሆነ ቀን ቀቢው። የቆረጥሽው ቁስል ላይ ግን አትቀቢበት፤ ዳሩ እያደገ እንደሆነ ማየት አለብሽ።

---

እማማ_ችግኝ | ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ | ሴፕቴምበር 13

ልጄ፣ ዕቃው ላይ «አይበላም» ብለሽ በትልቁ ጻፊበት።